ትርፉ ዙር

«አንድ ዙር ይቀርሻል!» ሊኔት አንድ ጣቷን ቀስራ ጮኸች።

ሯጯ ቀና ብላ አየቻት። ላቡ ፊቷ ላይ ደርቆ ነጭ ጨው ሆኗል። ልትናገር አፏን ከፈተችና ትንፋሿን ሰስታ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ መታጠፊያውን ይዛ ሄደች። ከነብራስካ የመጣች ተማሪ ናት፤ ስሟ ኮራሊ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ከሊኔት ጎን የተቀመጠችው ሬኔ «ጨርሰሻል ፓም! በቃ!» አለች። ከኮራሊ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ የነበረችው ፓም ሣሩ ላይ ተዘረረች።

ሊኔትና ሬኔ ተያዩ።

የአሥር ሺህ ሜትር ውድድር ሃያ አምስት ዙር ነው። ፈጣኖቹ ቀርፋፎቹን እየደረቡ ስለሚያልፉ፣ ማን ከማን እንደሚቀድም በዓይን አይለይም። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ሯጭ አንድ ቆጣሪ ይመደብላታል፤ ሯጯ መስመሩን ባለፈች ቁጥር ቆጣሪዋ ካርዷ ላይ ጭረት ታሰምራለች። ኮራሊና ፓም ከውድድሩ እኩሌታ ጀምሮ ትከሻ ለትከሻ ነበሩ። አንዷ ጨርሳ ሌላዋ አንድ ዙር ሊቀራት አይችልም።

ሊኔት ጭረቱ የት እንደጠፋ ወዲያው ገባት። መሪዎቹ ከኋላ መጥተው ሁለቱን ሲደርቡ ስታዲየሙ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ። እሷም ተነሣች። ለማጨብጨብ ብላ እርሳሷን በጥርሷ ነክሳ ነበር።

«ልጥራት» አለች።

«አብደሻል? የት ደርሳለች፤ ተያት» አለች ሬኔ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ፓም የኛ ልጅ ናት። ነጥብ የሚያሰጠውን የመጨረሻውን ቦታ ይዛለች። ምን ፈለግሽ?»

«ኮራሊ ቀድማት ነበር እኮ።»

«በግማሽ እርምጃ! ሰዉ ሁሉ የሚያየው አንደኛዋን ነው። ማን አየ?»

«አንቺ አየሽ።»

«እኔ ምንም አላየሁም» አለች ሬኔ፤ ካርዷንም ካርድ ለሚሰበስበው ሰው ሰጠች።

ኮራሊ ዙሩን ብቻዋን ዞረች። በሩቁ መታጠፊያ ላይ እግሯ ይጎተት ነበር፤ ግን አልቆመችም። መስመሩን ስታልፍ ሊኔት የመጨረሻውን ጭረት አሰመረች። አሁን ካርዱ ልክ ሃያ አምስት ይላል። የሚያጋልጣት ነገር የለም።

ኮራሊ ጉልበቷን ይዛ ጥቂት አጎንብሳ ቆየች። ከዚያ ወደ ቆጣሪዎቹ ወንበር መጣች።

«የኔ ቆጣሪ አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ።»

«እግዜር ይስጥሽ። እኔ እኮ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።» ሳቀች። «ከሃያኛው በኋላ ስሜንም አላውቀው። ባትነግሪኝ ኖሮ እንደ ሞኝ አቋርጬ ወጥቼ ነበር።»

ሊኔት አንገቷን ነቀነቀች። ኮራሊ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ እያነከሰች ሄደች።

ሜዳው መሐል ካለው የዳኞች ጠረጴዛ አጠገብ የሊኔት እናት ሎሪን ቆማለች። የስፖርት መምህርት ናት፤ የዛሬዎቹ ቆጣሪዎች አለቃም እሷ። እሷ ኮሌጅ በነበረችበት ጊዜ ሴት ተማሪ ከግማሽ ዙር በላይ እንድትሮጥ አይፈቀድም ነበር። የኮሌጆቹ ሻምፒዮና ስልሳ ዓመት የወንዶች ብቻ ሆኖ ኖሮ ሴቶች ከገቡበት ይህ ሦስተኛው ዓመት ነው። ሽጉጥ ተኩሶ ውድድር የሚያስጀምረው ሚስተር ሃግሉንድ ጠዋት ሰው ሁሉ እየሰማው «ሎሪን፣ እነዚህ ልጆችሽ ሃያ አምስት ድረስ መቁጠር ይችላሉ? ሲጨርሱ ቀስቅሱኝ» ብሏት ነበር። ሰዉ ሳቀ። ሎሪን ግን እርሳሶቹን መቅረጿን አላቋረጠችም።

ሊኔት ካርዱን እንደያዘች ሣሩን አቋርጣ ሄደች። ሬኔ ከኋላዋ ስሟን ስትጠራ ሰማች፤ አልዞረችም።

ስትደርስ ሚስተር ሃግሉንድ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። «በይ እሺ፣ አሸንፈሽኛል» ይላታል ሎሪንን። «ቆጠራው አንድ እንከን አልወጣለትም። ለወንዶቹም አንቺው ቁጠሪልን።»

የሎሪን ጆሮ ቀልቷል። ሊኔት እናቷ በደስታ ስትቀላ ያየችበትን ቀን አታስታውስም። ከጠረጴዛው ማዶ አስተዋዋቂው የውጤቱን ወረቀት አስተካክሎ ማይክራፎኑን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«እማ።»

«ካርድሽን እዚያ ጋ አስቀምጪው፣ የኔ ቆንጆ።»

«ካርዱ ልክ አይደለም» አለች ሊኔት። ሚስተር ሃግሉንድም እንዲሰማ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ በሹክሹክታ ብትጀምረው እንደማትጨርሰው አውቃለች። «የነብራስካዋን ልጅ አንድ ዙር ትርፍ አስሮጥኳት። ፓምን ቀድማት ጨርሳ ነበር።»

ሚስተር ሃግሉንድ ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። የሎሪን ጆሮ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ መልኩ ተመለሰ። ሎሪን ዓይኗን ከልጇ ላይ ሳትነቅል መዳፏን ወደ አስተዋዋቂው ዘረጋች፦ ቆይ።

«የትኛው ዙር ላይ ነው?» አለች፤ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ እያወረደች።

ሊኔት አንድ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት።