ታጥፎ የተገኘው ሰንጢ

እናትየው ገና ሲነጋ የበኩር ልጃቸውን የሥራ ክፍሉ ውስጥ፣ ብረት ማሰሪያው ሞርሳ ሥር ተዘርሮ አገኙት። ዕድሜውን ሙሉ ሰንጢ ሲሠራ የኖረው ልጅ አንገቱን ተወግቶ ሞቷል። የተወጋበት ሰንጢ እጀታው ተጠራርጎ፣ ስለቱ ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የግቢው በር ከውስጥ እንደተቆለፈ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ምራትየው እጇ በካቴና ታስሮ፣ ቀሚሷ በባሏ ደም ርሶ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ማታ ከባሏ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል።

«እሷ ናት» አሉ እናትየው። «ታናሽ ልጄማ ወንድሙን እንደ አባት ነው የሚያየው። ከእንግዲህ ከታናሹ ሌላ ማን አለኝ?»

«ሰንጢውን ማን ማን ይዞት ያውቃል?» አለች መርማሪዋ።

ግቢው ውስጥ የሚያድረው የሟቹ ረዳት፣ ስለት ሞራጁ፣ ቀድሞ መለሰ። «ማንም። ስለቱን እኔ ሞረድኩለት እንጂ እጀታው ሲገጠም አላየሁም። ሥራውን እንደ ሙሽራ ሸፍኖ ነው የሚያስቀምጠው።»

«እኔም አይቼው አላውቅም» አለ ታናሽየው።

መርማሪዋ ሁሉንም ወደ ሥራ ክፍሉ አስገባች። እናትየው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሰንጢው ተመርምሮ ታጥቧል፤ መርማሪዋ ስለቱን ዘርግታ ለምራትየው አቀበለቻት።

«ሁላችሁም በየተራ ክብደቱን ልብ በሉና አስቀምጡልኝ።»

ምራትየው እንደተዘረጋ አስቀመጠችው። ሞራጁ አገላብጦ አየው። «መቆለፊያው የታለ? ስንጥቅ እንኳ የለውም። አይ አለቃዬ፣ ከእኔም ትደብቅ!» አለና እሱም ዘርግቶ ተወው።

ታናሽየው ሲይዘው መርማሪዋ «ወንድምህ ለእጀታው ቲታኒየም የሚባለውን ማዕድን ለምን መረጠ?» አለችው።

«አይዝግም። ላብ አይበላውም። ከብረት በግማሽ ገደማ ይቀላል፤ በብርድ እንኳ እንደ ብረት እጅ አያቆረፍድም…» እያለ አውራ ጣቱ እጀታው ላይ ተንሸራተተ። ሰንጢው ቀጭ ብሎ ታጠፈ። ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

እናትየው ድምፁን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«እጠፉት አላልኩም» አለች መርማሪዋ በቀስታ። «ሰው ገድሎ የተደናገጠ ሰው ስለቱን ጥሎ ይሮጣል። ይህን ያጠፈው ልማድ ነው፤ እጅ ብቻውን የሚሠራው ሥራ። መቆለፊያው ደግሞ ከራሱ ከእጀታው ተቆርጦ የወጣ ነው፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለቱን ከኋላ ይደግፈዋል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ስለቱን የሞረደው ሰው ያጣውን አንተ ሳታይ አገኘኸው።»

ታናሽየው ሳቀ። «አውራ ጣቴ ድንገት አረፈበት። በዚህ ሰው ይታሰራል?»

«በዚህ ብቻማ አይታሰርም። የሰንጢውን አሠራር ሊገዛህ የተስማማውን የፋብሪካ ሰው አነጋግሬዋለሁ፤ ዛሬ ሰንጢህን ይዘህ እንድትመጣ ይጠብቅህ ነበር። ‘የራሴ ሥራ ነው’ ብለኸዋል። ሠራሁት ለማለት ደግሞ ማታ ማታ ክፍልህ እየወሰድክ አከፋፈቱንም አስተጣጠፉንም መልመድ ነበረብህ። ትናንት ማታ ከወንድምህ መሳቢያ ስታወጣው ደረሰብህ፤ ወጋኸው። ሚስቱን ደም የነካት አስከሬኑን ስታቅፍ ነው።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። «እማማ፣ የእርስዎና የእሱ ክፍል በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። ይህን ድምፅ ሰምተውት ያውቃሉ?»

ዘርግታ አጠፈችው። ቀጭ።

«እማ» አለ ታናሽየው። ሳቁ ጠፍቷል። «ከእኔ ሌላ ማን አለሽ?»

እናትየው ምራታቸውን አዩ። አንገቷን ደፍታለች፤ ምንም አልለመነቻቸውም። ጠዋት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነፍሰ ገዳይ ያሏት እሳቸው ነበሩ።

«ሳምንቱን ሙሉ» አሉ በመጨረሻ። «ማታ ማታ ሳምንቱን ሙሉ ሰምቻለሁ። ጥፍሩን የሚቆርጥ ነበር የመሰለኝ።»

ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴናውን ከምራትየው እጅ ፈትቶ ለታናሽየው አጠለቀለት። ሊወጡ ሲሉ እናትየው በሩ ላይ ቆሙ።

«ቆይ፣ ሹራቡን ይልበስ» አሉ። «እዚያ ይበርዳል።»

በካቴናው ምክንያት እጅጌው አልገባ አለ። ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለትና መንገዱን ለቀቁ።