የማይለቅ ነጠብጣብ

ግራዝማች ወልደ ሥላሴ ሰኞ ማታ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ካለው ግቢያቸው ጓሮ ከንብ ቀፎዎቻቸው መካከል በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ጭንቅላታቸውን ከኋላ ተመተዋል። ያገኛቸው ንብ ጠባቂያቸው ታከለ ነው፤ የተያዘውም እሱ ነው። ቅዳሜ ዕለት ግራዝማች ሰው ፊት «ከመሬቴ ውጣልኝ» ቢሉት «እናያለን» ብሎ መልሶ ነበርና፣ ምን ለማለት እንደፈለገ የጠየቀው የለም። ማክሰኞ በስድስት ሰዓት ወደ ደብረ ማርቆስ ሊጭኑት ነው። በነፍስ ተከሶ ወደዚያ የሄደ ደሃ ሲመለስ ያየ ሰው ደግሞ በሰፈሩ አልነበረም።

ሚስቱ አልጣሽ ያን ጠዋት መኪና ታጥባለች። ባሏ ለገመድ ሊሰጥ፣ እሷ መስታወት ትወለውላለች፤ በ1958 ዓ.ም. የጌታ ቤት ትእዛዝ እንዲህ ነበር። ላንድሮቨሩ የግራዝማች የወንድም ልጅ፣ አዲስ አበባ ያደገው የሀይሉ ነው። ማታ እንደ ገባ «ለቀብር የምሄድበት ነው፣ የፊት መስታወቱን አጽጂው» ብሏታል። መስታወቱን ቢጫ ነጠብጣብ ሞልቶታል። በውሃ ሞከረች፣ በሳሙና ሞከረች፣ በአመድ ፈተገችው። በመጨረሻ በጥፍሯ ትፍቀው ጀመር። እንባዋ ባልዲው ውስጥ ይንጠባጠባል።

«ምንድን ነው እንዲህ አልለቅ ያለሽ?»

ቀና ስትል መርማሪው መቶ አለቃ ክንፈሚካኤል መፋቂያቸውን እያኘኩ ቆመዋል።

«የንብ ኩስ ነው፣ ጌታዬ። ከደረቀ ውሃ አያስለቅቀውም፤ በጥፍር ካልፋቁት አይነሣም። እኔ ደግሞ ጊዜ የለኝም፤ ሰውዬዬን ሊወስዱብኝ ነው።»

«ንብ መኪና ላይ ምን አመጣት?»

«ቀፎ አጠገብ የቆመ ሁሉ እንዲህ ይሆናል። ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ አይደል? ንብ ቤቷን አታቆሽሽም፣ ይዛው ትቆያለች። ትናንት ቀትር ላይ ፀሐይ ብቅ ስትል ባንዴ ወጡና አራገፉት። የኔም ቀሚስ አልተረፈም።»

«ዛሬስ ወጥተዋል?»

«በዚህ ብርድ? ምን ሊያደርጉ?»

«መኪናው ማታ ሲገባ ነጠብጣቡ ነበረበት?»

«ነበረበት እንጂ። እጠቢ ያሉኝ እሱን አይተው ነው።»

መቶ አለቃው መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ጨርቁን አስቀምጪው።»

«ጌታው ይቆጡኛል።»

«ይቆጡ።»

ሀይሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከለቀስተኛው መካከል ሲመጣ፣ አልጣሽ ባልዲዋን ይዛ ከመኪናው ጀርባ ሸሸግ አለች።

«ትናንት የት ዋሉ፣ አቶ ሀይሉ?»

«ቡሬ። አስራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ ስደርስ እሪታ ተቀበለኝ።»

«መኪናውስ?»

«ወዳጄ መጋዘን ውስጥ። ዝናቡን ፈርቼ ጣራ ስር አስገባሁት፣ ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልወጣም።»

«መንገድ ላይ ቆመው ነበር?»

«የትም አልቆምኩም።»

አልጣሽ ይህን ስትሰማ ባልዲዋን አስቀመጠች። ከንጋት ጀምሮ ስትፍቀው የነበረው የባሏ ነፍስ ኖሯል። መስታወቱን አየችው፤ ከቀኝ ጥግ አንድ መዳፍ የማታህል ቦታ ብቻ ቀርታለች። ገዛ ጥፍሯን ጠላችው።

መቶ አለቃው የቤቱን ሰው ሁሉ መኪናው ዘንድ ሰበሰቡ። ታከለም እጁ እንደታሰረ መጣ። መጀመሪያ የጠየቁት የሟችን ልጅ ወለተ ጊዮርጊስን ነው።

«አባትሽን መጨረሻ ያየሻቸው መቼ ነው?»

«ምሳ በልተው ቀፎ ሊያዩ ሲወጡ። ባለ ብረቱን ከዘራቸውን ይዘው ነበር፤ ከዘራው እስካሁን አልተገኘም።»

«አባትሽ ለነገ ሽማግሌ ጠርተው የነበረው ለምንድን ነው?»

«መሬቱን ለኔ ሊናዘዙ።» ወደ ሀይሉ ሳታይ ቀጠለች። «እሱም ያውቃል። ቅዳሜ በዚሁ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ።»

«እንግዲህ ስሙኝ» አሉ መቶ አለቃው። «ይህ የንብ ኩስ ነው። ንብ በዝናቡ ምክንያት ሦስት ቀን አልወጣችም፤ የወጣችው ትናንት ቀትር ነው። ከመሸ አትበርም። መኪናው ደግሞ ማታ ሲገባ ነጠብጣቡ ነበረበት። የሚሄድ መኪና አንድ ሁለት ጠብታ ቢያገኘው ነው፤ እንዲህ ለመሸፈን መቆም አለበት። ስለዚህ ትናንት ከቀትር በኋላ ቀፎ አጠገብ ቆሟል። አቶ ሀይሉ ግን ከጣራ ስር አልወጣም፣ የትም አልቆምኩም ብለውኛል።»

«ጎጃም ሁሉ ቀፎ ነው» አለ ሀይሉ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ነው። ታዲያ የማን ቀፎ ጋ እንደቆሙ ለምን ደበቁን? ይህን ነጠብጣብ የአገሩ ልጅ ቢያየው ያውቀው ነበር። እርስዎ ግን ጭቃ መስሎዎት ለንብ ጠባቂ ሚስት እጠቢ ብለው ሰጧት። ሌሊቱን ከዘራ ፍለጋ የታከለን ወለል ቆፈርን። መኪናውን ግን ቡሬ ነበር ስለተባልን ማንም አልነካውም። ቁልፉን ይስጡኝ።»

ሀይሉ አልሰጠም። ፖሊሶቹ ከኪሱ ወሰዱት። ከዘራው ከኋላ መቀመጫ ስር በጆንያ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ ብረቱ ላይ ደምና ሽበት ደርቋል።

«ከዘራውን የታከለ ጎጆ ውስጥ ሊጥሉት ነበር» አሉ መቶ አለቃው። «እኛ ቀድመን ከበብነው። በጓሮ በኩል የገቡት ከቤት እንዳይታዩ ነው፤ ቀፎዎቹ ግን ያሉት እዚያው ነበር።»

«ልገድለው አልነበረም» አለ ሀይሉ መሬት መሬት እያየ። «አልሰማ አለኝ።»

ወለተ ጊዮርጊስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የታከለ እጅ ተፈታ። እሱም ቃሉን ለመስጠት ወደ ጣቢያ መሄድ ነበረበት፤ ዳኛው መጥተው የቀረውን ነጠብጣብ በዓይናቸው የሚያዩት ግን ነገ ነው።

ወዲያው ዝናቡ ጀመረ። አልጣሽ ነጠላዋን አውልቃ መስታወቱ ጥግ ላይ ዘረጋች፤ በሁለት እጇም ተጫነችው። ውሃው በጀርባዋ ይወርዳል።

«ተይ፣ ዝናብ አያስለቅቀውም» አሏት መቶ አለቃው። «ራስሽ አይደለሽ የነገርሽኝ?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ» አለች። እጇን ግን አላነሣችም።