ቤት የተቀመጠ አፉታ

ከአዳማ መናኸሪያ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ስትኖር መጀመሪያ የሚንኳኳው የእትዬ ቀመሪያ በር ነው። ለወላድ ዱዓ የሚያደርጉት የሰፈሩ እናቶች፣ ዱበርቲዎቹ፣ ያለ እሳቸው አይቀመጡም። ገንፎው ሲቀርብ ቢስሚላህ የሚሉት፣ ሴቶቹን አሚን የሚያስብሉት፣ በመጨረሻም ለጋ ቅቤ በመዳፋቸው አሟሙተው የእርጉዟን አናት የሚቀቡት እሳቸው ናቸው። እጃቸው ቀና ነው ይባልላቸዋል። እሳቸው የቀቧት ሴት በሰላም ትገላገላለች ብሎ ያላመነ በዚያ ሰፈር ማን አለ? ክርስቲያኗ ጎረቤት እንኳ ሳትቀር «እትዬ፣ እኔንም ዳበስ ያድርጉኝ» እያለች ሆዷን ይዛ ትመጣለች። ምን ያደርጋል! ለሰው ሁሉ ሲዘረጋ የኖረው ያ እጅ ለገዛ ልጃቸው ሲሆን ከበደ።

ሱሃይላ ለእትዬ ቀመሪያ አንድ ናት። ባላቸው ሲሞት ልጅቷ ገና ተማሪ ነበረች፤ ጉሊት ቁጭ ብለው፣ የአዳማን አቧራና ፀሐይ በነጠላ እየመከቱ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ሸጠው አሳደጓት። ሟቹ ነፍሱ ልትወጣ ስትል አቦምሳ ላለ ወዳጁ ልጅ ሊድራት ቃል ሰጥቶ ነበር። ያንን ቃል እትዬ ቀመሪያ እንደ አደራ ይዘውት ኖሩ። ልጅቷ ግን አድጋ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ስትቀጠር፣ ጠዋት ጠዋት የሚያደርሳትን ባለባጃጅ ኡበይደላን ወደደች። «የአባትሽን ቃል መሬት ላይ አትጣይብኝ!» ብለው ለመኗት፤ አለቀሱባት፤ በመጨረሻም «እሱን ካገባሽ ደጄን አትርገጪ» አሉ። ሱሃይላ ኒካዋን በባሏ አጎት ቤት አስራ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ በአንድ ከተማ እየኖሩ ሳይነጋገሩ ቀሩ። እትዬ ቀመሪያ አንዳንድ ቀን ተከናንበው ከፓርኩ በር ማዶ ይቆሙና፣ ሠራተኛው ሲወጣ ልጃቸውን በዓይናቸው ፈልገው አይተው ይመለሱ ነበር። ጠጋ ብሎ «ልጄ» ማለት እንዴት ያቅታል? አቃታቸዋ!

ሱሃይላ ወሯ ሲገባ የሥራ ባልደረባዋ ፋዲላ ዱዓውን አሰናዳች። የሱሃይላና የባሏ ቤት ጠባብ ነው፤ ፓርኩ አጠገብ የተከራዩት አንድ ክፍል። ሱሃይላ ግን «እናቴ ካልቀባችኝ አናቴን ማንም አይነካውም» ብላ ድርቅ አለች። ፋዲላ መልእክቱን ይዛ ስትመጣ እትዬ ቀመሪያ ሽንኩርታቸውን መልቀማቸውን ቀጠሉ። ፋዲላ ተስፋ ቆርጣ ከሄደች በኋላ ግን ሳጥናቸውን ከፍተው የኢድ ቀሚሳቸውን አወጡ።

ያን ቀን ዱዓው እንዴት አማረ! ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ገንፎው መሀል ላይ ይንተከተካል። እትዬ ቀመሪያ ሲገቡ ቦታ ለቀቁላቸው። ልጃቸውን በዓይናቸው እንኳ ሳያዩ ተቀመጡና መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓውን ጀመሩ። ድምፃቸው ለሌላው ሰው ልጅ ከሚያወጡት ይልቅ ከፍ ብሎ ወጣ፤ አሚን የሚሉት ሴቶች እንባቸውን መያዝ አቃታቸው። ከዚያ ቅቤውን አሟሙተው የሱሃይላን ፀጉር ፈለቅ አድርገው አናቷን ቀቡ። ጣታቸው በልጅነቷ ወድቃ የተፈነከተችበትን ጠባሳ ሲያገኘው ትንሽ ቆመ።

የዱዓው ማሰሪያ አፉታ ነው። ወላድ ወደ ምጥ ስትሄድ በሞትና በሕይወት መካከል ናትና፣ የማንንም ቂም ተሸክማ እንዳትሄድ ከተሰበሰበው ሁሉ ይቅርታ ትጠይቃለች። «አፉ በሉኝ» ትላለች፤ «አፉ ብለናል» ይሏታል። ሱሃይላ ከበሩ ጀምራ አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ሁሉም አፉ አሏት። በመጨረሻ ያንን ከባድ ሆዷን ይዛ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እማ፣ አፉ በይኝ።»

የእትዬ ቀመሪያ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ቃሉ ምላሳቸው ላይ ደርሷል፤ ሊወጣ ነው… ግን ድንገት አንድ ሐሳብ መጣባቸው። እዚህ ብላት እዚሁ ትቀራለች። እዚሁ ትወልዳለች፤ በሰው ቤት፣ በሰው እጅ ትታረሳለች። ካላልኳት ግን ትመጣለች!

«አፉታሽ ቤቴ ተቀምጦልሻል» አሉ። «የምትታረሺው እኔ ጋ ነው። ደጄን የረገጥሽ ቀን እልሻለሁ። መጥተሽ ውሰጂ፣ ኢንተላ ኮ።»

«እትዬ፣ ዛሬውኑ ቢሉላት ምናለበት?» አለች ፋዲላ፣ ደንግጣ።

«እኔና ልጄ እንተዋወቃለን።»

ሱሃይላ ቀና ብላ አየቻቸው። «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ መባሏ ብቻ ፊቷን አበራው። «እሺ እማ። መጥቼ እወስዳለሁ» አለች።

ክፋት ነው ይባል? አይደለም፤ ክፋትስ ቢሆን በቀለለ! እትዬ ቀመሪያ ከዱዓው ተመልሰው እንቅልፍ አልነበራቸውም። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጡ፤ ግድግዳውን ቀለም አስቀቡ፤ የገንፎውን እህል ለቅመው አስፈጩ። ሰው ይቅር ማለቱን በልቡ ከጨረሰ በኋላ ቃሉን ብቻ ለነገ ሲያቆየው፣ ነገ የማን እንደሆነ ይረሳል። እሳቸውም ረሱ።

በደራ ከተማ ገበያ በሚውልበት ቀን ለአራሷ የሚሆን ቅቤና ሙክት ሊገዙ በጠዋት ተነሡ። የከተማ ቅቤ ለልጄ አይሆንም ብለው ነው። ጠፍቶ ያደረው መብራት ገና መምጣቱ ነበርና ስልካቸውን ቻርጅ ሰክተው፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጣቸው ሲጣደፉ እዚያው ትተውት በሩን ቆልፈው ወጡ። ገበያው ሰመረላቸው። ሙክቱን ሚኒባሱ ላይ አስጭነው፣ ቅቤውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው ሲመለሱ ከጎናቸው ለተቀመጠው ለማያውቁት ሰው ሁሉ «ልጄ ልትወልድ ነው» ይሉት ነበር።

ሰፈራቸው ሲደርሱ ጎረቤታቸው ጉዲቱ ደጃፋቸው ላይ ቆማለች።

«እትዬ ቀመሪያ፣ የት ነበሩ? ሱሃይላ መጥታ ነበር እኮ!»

«መጣች? ቤቴ መጣች?» ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። «አላልኩሽም! ትመጣለች አላልኩሽም ጉዲቱ?»

ጉዲቱ ዓይኗን ሰበረች። «ምጥ ላይ ነበረች፣ እትዬ። በባሏ ባጃጅ። እኔ ከወፍጮ ስመለስ ባጃጁ ሲዞር ደረስኩ። ደራ ሄደዋል ብዬ ጮህኩ… ሰምታኝ እንደሆነ አላውቅም። ደም አይቻለሁ።»

ቅቤው ከእጃቸው ወደቀ። በሩን ሲከፍቱ ስልኩ ግድግዳው ሥር፣ ለአራሷ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ያበራል። የሱሃይላ ጥሪ፤ የኡበይደላ ጥሪ፤ ደግሞ የሱሃይላ…

ኡበይደላን ያገኙት ሆስፒታሉ ኮሪደር ወለል ላይ ተቀምጦ ነው። ሸሚዙ ደም በደም ነው። ሲያያቸው ተነሣ፤ አንድም የቁጣ ቃል ከአፉ አልወጣም። መናገር ያለበትን ፊቱ ተናግሮ ነበርና እትዬ ቀመሪያ ግድግዳውን ያዙ።

«ሕፃኗ ተርፋለች፣ እማማ» አለ። «ሴት ናት።» ቀጥሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። «አፉ ይበሉኝ! በቀጥታ ወደዚህ ማምጣት ነበረብኝ። ምጡ ሲጀምራት ‹መጀመሪያ እማ ጋ ውሰደኝ፤ አፉታዬን ሳልይዝ አልወልድም› አለችኝ። ከተማውን አቋርጬ ወሰድኳት። በሩን ደበደብኩ። ስትደውል ስልክዎ ከቤት ውስጥ ይጮሃል። ‹ቤት ናት፤ አልከፍትም ብላኝ ነው› ብላ አለቀሰች። ትንሽ እንጠብቃት አለችኝ። ጠበቅን… ደሙ የጀመረው እዚያ ነው። ሐኪሞቹ ቀደም ብላ ብትደርስ ኖሮ ትተርፍ ነበር አሉኝ። አፉ ይበሉኝ፣ እማማ!»

ያ አላህ! ማን ከማን ይቅርታ ይጠይቃል? ማን ነው እግር ላይ መውደቅ የነበረበት? እትዬ ቀመሪያ በዚያች ቅጽበት አላመነቱም፤ ለነገ አላሉም። «አፉ ብዬሃለሁ! አፉ ብዬሃለሁ! አፉ ብዬሃለሁ!» እያሉ ራሱን ደረታቸው ላይ አጣበቁት። ለሱሃይላ አንዴ ብቻ ይበቃት የነበረውን ቃል ሳይሰስቱ ለባሏ አፈሰሱት። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ጉዲቱ ደራ ሄደዋል ብላ ጮሃለች። ሱሃይላ ሰምታለች? ቤት አለመኖሬን አውቃ ነው የሄደችው?»

ኡበይደላ ቀና ብሎ አያቸው። የባጃጁ ሞተር እየጮኸ፣ ሱሃይላም እያቃሰተች፣ እሱ ራሱ አንዲት ቃል አልሰማም ነበር። ሚስቱ እስከ መጨረሻው «እማ ጨከነችብኝ» እያለች እንደሄደች የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የእኚህ ሴት ነፍስ በእጁ ላይ ናት።

«ሰምታለች፣ እማማ» አለ። «‹እሰይ፤ ስመለስ እወስደዋለሁ› ብላ ፈገግ አለች።»

ሱሃይላን ሲያጥቧት ራሷን እናቷ ያዙ። በዱዓው ቀን የቀቧት ቅቤ ከፀጉሯ ሥር ገና አልለቀቀም ነበር፤ ለብ ባለው ውኃ እየቀለጠ ወረደ። ጠባሳዋን ዳበሱት። ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብለው ያንን ቃል አሉት፤ ደጋገሙት፤ ዱበርቲዎቹ በግድ እስኪያነሷቸው ድረስ አሉት። የሚሰማቸው ጆሮ ግን አልነበረም። ለአራሷ የተገዛው ሙክት ለሐዘንተኛ ታረደ። ፀሐይ ሲሞቅ በሰነበተው ፍራሽ ላይ አማል፣ እናቷን የማታውቀው ሕፃን፣ ብቻዋን ተኛች።

ፋዲላ በተራዋ ወሯ ሲገባ እትዬ ቀመሪያን ለመጥራት ፈርታ ነበር። የተቀመጡት ሴቶች በሩን ሲያዩ ግን፣ እትዬ ቀመሪያ አማልን በጀርባቸው አዝለው ብቅ አሉ። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ሰላምታ ሳይቀድም፣ «አፉ ብዬሻለሁ፣ ፋዲላ» አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ ገና መች ጠየቅኩዎት?»

«ሳትጠይቂ ውሰጂው፣ ልጄ። አሁኑኑ ውሰጂው።»

ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ። የአላህን ቀደር ማን ይመልሳል? ለሱሃይላ የተጻፈችው ዕድሜ ያችው ብቻ ነበረች ይሏቸዋል፤ እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጉሊትም ይሂዱ፣ ገበያም ይሂዱ፣ የእትዬ ቀመሪያ በር አይቆለፍም። ጎረቤቱ «ሌባ ይገባል» ሲላቸው፣ «ይግባ» ይላሉ።