ካፒቴን ብሎ የጠራኝ

ጂን የለም አልልም፣ ወዳጄ፣ በስተርጅና ከሃይማኖቴ ጋር አልጣላም፤ ቁርኣን አለ ካለ አለ። እኔ ፈጽሞ ያላመንኩት፣ ስንት ጎረምሳና ስንት ሀብታም በሞላበት ኦስሎ ውስጥ አንድ ጂን ሥራ ፈትቶ እኔን፣ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ የሚያቃስተውን ጡረተኛ፣ ፈልጎ ይመጣል የሚለውን ነው። እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወሩትን ሁሉ ስስቅባቸው ኖሬያለሁ፣ እንግዲህ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው፣ ሳቁብኝ።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ዘሃራ ናት። በበጋው ወደ ግሪክ ደሴቶች ሄዳ፣ ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው በመርከብ እየዘለለች፣ ፎቶ በፎቶ አደረገችኝ። እኔም ቀናሁ፣ ምን እደብቃለሁ፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ በልጁ ቀና! ጡረታዬን አየሁት፣ እሱም አየኝ፣ ግሪክ ራሷ ካልመጣች እንደማንገናኝ ተግባባን። ኋላ ነው የወር ካርዴ ለባቡርና ለአውቶብስ ብቻ ሳይሆን ከከተማው ፊት ለፊት ላሉት ደሴቶች ጀልባም እንደሚሠራ የሰማሁት። ስንት ዓመት ኪሴ ውስጥ መርከብ ይዤ ስዞር!

ሰይድ ጋ ሮጥኩ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው እንደኔ፣ አልናብሩ ሰፈር መጋዘን ውስጥ አብረን ዕቃ ስንጭን አርጅተናል፣ አሁንም ሃውገንስቱዋ ሰፈር ውስጥ የምንኖርባቸው ሕንፃዎች ፊት ለፊት ናቸው።

«ተነስ፣ ደሴቶች ልንጎበኝ ነው» አልኩት።

«በምን ገንዘብ?»

«በአውቶብስ ካርድ።»

«ይማም፣ መድኃኒትህን ውጠሃል?»

በማግስቱ በሶ በጠርሙስ በጥብጠን፣ ቴርሞስ ሻይ ይዘን ወጣን። በጋው አልፎ ስለነበር ጀልባው ባዶ ነው፣ ደርቡ ላይ እኛ ሁለታችንና ሰው የማይፈራ አንድ የባሕር ወፍ ብቻ ነበርን። እኔ ከፊት ቆሜ፣ እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ አድማሱን ስቃኝ ነፋሱ ኮፍያዬን ወሰደው፣ በአራት እግሬ እየዳህኩ አሳደድኩት፣ ሰይድ ሆዱን ይዞ «ካፒቴን! ኧረ ካፒቴን!» እያለ እስኪያስለው ሳቀ። ይህን ስም ልብ በሉልኝ። የወጣልኝ ያን ቀን ጠዋት ነው፣ ከሁለታችን በቀር የሰማው ሰው የለም፣ እመኑኝ።

አንዱን ደሴት ዞረን፣ በሌላው በሷችንን ጠጥተን፣ ግረስሆልመን የምትባለው ደሴት ስንደርስ ጭጋግ ወረደ። እንዲህ ያለ ጭጋግ አይቼ አላውቅም፣ ፊት ለፊታችን ያለችውን ከተማ አጥፎ ኪሱ የከተተ ይመስላል። የመጨረሻው ጀልባ ሊመጣ ጥቂት ቀርቶታል፣ የከሰዓቱ የዐስር ሶላትም ደርሷል፤ ጀልባው እንዳያመልጠን ተራ በተራ እንስገድ ተባባልን። ሰይድ ቀድሞ ሰግዶ የጀልባው መወጣጫ ላይ ሊጠብቅ ተቀመጠ፣ እኔ በባሕሩ ውሃ ታጥቤ ውዱእ አድርጌ ከድንጋዮቹ ማዶ ወዳለው ሣር ሄድኩ።

«መንገደኛ ነኝና ሁለት ረከዓ ይበቃኛል» አልኩት እየሄድኩ።

«በአውቶብስ ካርድ የሚሄድ መንገደኛ የለም! አራቱንም ስገድ!» አለኝ።

አራቱንም ልሰግድ ቆምኩ። ዐስር ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ድምፅ አይወጣበትም፣ ለራስህ ብቻ ነው የምትቀራው። ይህንንም ልብ በሉልኝ።

ሁለተኛው ረከዓ ላይ ስደርስ ከኋላዬ፣ ከመወጣጫው በኩል፣ ሰይድ ጠራኝ። «ካፒቴን! ጀልባው መጣ!» ሶላት ውስጥ ያለ ሰው ዞሮ አያይም፣ መልስም አይሰጥም፣ ሰይድ ይህን እያወቀ ምን ያስጮኸዋል ብዬ ተናደድኩ። ጀልባ ሲመጣ ሞተሩ ይሰማል። ሞተር የለም። የወፍ ድምፅም የለም።

ግንባሬን መሬት ላሳርፍ ሱጁድ ወረድኩ። «ካፒቴን! ጀልባው መጣ!» አሁን ከፊቴ ነው። ከፊቴ ያለው ደግሞ ውሃ ብቻ ነው።

እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ «ውሃ ዳር ስምህ ሲጠራ አቤት ለማለት አትቸኩል፣ ሰው ያልሆነ ሁለቴ ጠርቶ ይተዋል፣ ሦስተኛ የሚጠራ ሰው ነው» ትለን ነበር። ስቀልድባት ነው ያደግኩት። እዚያ ሣር ላይ ግን ግንባሬን ደፍቼ፣ ሦስተኛው እንዲመጣ እየለመንኩ ጠበቅኩ፣ መጣም። ጆሮዬ ሥር ነበር፣ በሹክሹክታ፣ ሊስቅ እንደሚል ሰው። «ካፒቴን።» ትንፋሹ ግን አልነበረም። ይህን ያህል የቀረበ ሰው ትንፋሹ አንገትህን ይነካሃል፣ ይህ ድምፅ ብቻ ነበር።

የቀረውን ሶላት ዶሮ እህል እንደምትለቅም ሰገድኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቀኝና ግራ አሰላምቼ ዞርኩ። ማንም የለም። ወደ መወጣጫው ሮጥኩ፣ ሩጫ ከተባለ። ቴርሞሱ አለ፣ ቦርሳው አለ፣ ሰይድ የለም።

ከመወጣጫው ጎን ባለው ዳርቻ ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። ሰይድ ከነጫማው፣ ከነካፖርቱ እስከ ወገቡ ገብቷል፣ አንድ እጁን ወደ ጭጋጉ ዘርግቶ ወደ ውስጥ ይራመዳል። መዋኘት አይችልም፣ ገንዳ ውስጥ እንኳ ገብቶ አያውቅም።

«መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል፣ «አንተ ደግሞ ያዘኝ እንጂ!»

«ሰይድ! ተመለስ!»

አልዞረም። ደጋግሜ ጮህኩ፣ አልዞረም። ለምን እንደማይዞር ያኔ ገባኝ፤ እኔ ከኋላ በጠራሁት ቁጥር እኔው ከፊት እየጠራሁት ነበር። ሶላቱን ሙሉ ያላወጣሁትን ድምፄን ሰማሁት፣ ወዳጄ። ከጭጋጉ ውስጥ «ና፣ ትንሽ ነው የቀረህ፣ እጄን ያዝ» የሚለው እኔ ነኝ፣ ይህ ወፍራም ድምፄ፣ ይህ ወሎዬ አነጋገሬ።

ገባሁ። ቅዝቃዜው ነፍሴን ቆረጣት፣ ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ኮሌታውን ያዝኩ። እጄ ሲነካው ነው የቆመው። አየኝ፣ ወደ ጭጋጉ አየ፣ መልሶ አየኝ።

«አንተ… እዚህ ነህ?»

«የት ልሁን? ጀልባውን በእግርህ ልትቀበል ነው?»

«ጀልባው ላይ ሆነህ እጅህን ዘርግተህልኝ…» አለ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

እውነተኛው ጀልባ መጣ፣ ሞተሩ እየተሰማ፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለት ውሃ የሚንጠባጠብባቸው ሽማግሌዎች ተደጋግፈን ወጣን። ገመድ የምትፈታው ወጣት ኖርዌጃዊት አንዴ እኛን፣ አንዴ ዳርቻውን አየችና በኖርስክ ጠየቀችን፤ «ጓደኞቻችሁስ? የመጨረሻው ጀልባ እኮ ነው፣ ካልመጡ እዚያው ማደራቸው ነው።»

«ኔይ» አልኳት፣ «ሁለት ብቻ ነን።»

ትከሻዋን ነቅንቃ ገመዱን ፈታች። ያኔ ነው እኛም የሰማነው። መወጣጫው ላይ፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ ሁለት ሰዎች በአማርኛ ያወራሉ። አንደኛው ስለ አውቶብስ ካርድ ይቀልዳል፣ ሌላው እስኪያስለው ይስቃል። ሰይድ እጄን ይዞ ነበር፣ እስከ ከተማው አልለቀቀኝም። እኔን መስሎ የሚያወራው በቀልድ እንኳ የበለጠኝ ሳይሆን አይቀርም፣ እኔ ሰይድን እንደዚያ አስቄው አላውቅም።

ዘሃራ «ኤኮ ነው አባዬ፣ የገደል ማሚቶ» አለችኝ። እሺ፣ ኤኮ ያላልኩትንም ይላል እንዴ?

ከዚያ ወዲህ ሰይድና እኔ ቃል ተገባብተናል፤ ስም ብቻ ጠርቶ መነጋገር የለም፣ መጀመሪያ እጅ ይቅደም። ባቡር ጣቢያው ላይ ሲያገኘኝ ትከሻዬን ይነካና ነው የሚናገረው፣ ሰዎች በስተርጅና የተፋቀርን ይመስላቸዋል።

ያለፈው ሳምንት፣ በቀን ብርሃን፣ ሕንፃችን ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ካልሲዬን እያሸሁ ሳለ ከኋላዬ ጠራኝ።

«ካፒቴን! ጀልባው መጣ!»

አልዞርኩም። ቆሜ እጁን ጠበቅኩ። ሳሙናው ጣቶቼ ላይ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። እጁ አልመጣም። ወዲያው ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ፣ አወጣሁት፣ ሰይድ ይላል። ምናልባት ራሱ ነው፣ ምናልባት እሱንም በእኔ ድምፅ እየጠሩት ነው፣ ምናልባት ወደ ውሃው መንገድ ጀምሯል፣ አንሣ አልኩት ራሴን፣ አንሣ እንጂ።

ግን ስልክ እጅ የለውም፣ ወዳጄ።