አራተኛው መስመር

ዘሥላሴን መጀመሪያ ያየሁት ልጮህበት ከወንበሬ ስነሳ ነው።

የካቲት 2014 ነበር። የደብረ ብርሃንን የመብራት መስመር በብድር ለማደስ ታስቧል ተብሎ የሰፈሬ የጠባሴ ሰው ለስብሰባ ተጠራ። አበዳሪው ባንክ ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት ነዋሪው የሚለው በጽሑፍ ይቅረብልኝ ብሏል አሉ። አንድ ቀጭን ወጣት መሐንዲስ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ምሰሶ፣ ስለ ትራንስፎርመር፣ ስለ ወለድ ሲያስረዳ ቆየና «አስተያየት ያለው?» አለ።

የቤተ ክርስቲያን አልባሳት የምጠልፍባት አንዲት ሱቅ ነበረችኝ። አባቴ ቄስ ወልደአረጋይ ሲቀድሱ የሚለብሱት ሁሉ የእጄ ሥራ ነው። በዚያ ሳምንት መብራቱ አንዴ ደክሞ አንዴ በርትቶ ሲመጣ የጥልፍ ማሽኔ ሞተር ተቃጥሎብኝ ነበር።

«እናንተ ስለ ወለድ ታወራላችሁ» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ለፋሲካ የተቀበልኩትን ሥራ በመርፌ እየለቀምኩ ነው። ይህን ማን ይጽፍልኛል?»

አዳራሹ አጨበጨበ። መሐንዲሱ አልተቆጣም። ከመድረኩ ወርዶ አጠገቤ መጣና ደብተሩን ገለጠ።

«እኔ እጽፈዋለሁ። ስምዎን ይንገሩኝ።»

«ማርያማዊት።»

ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። ደብተሩን መዝጋት ረስቶ ትንሽ ቆየ። እኔም መቀመጥ ረሳሁ።

በማግስቱ ቃለ አብ ከሚባል ባልደረባው ጋር ሱቄ መጣ። የመብራቱን ከፍና ዝቅ የሚለካ ትንሽ ሣጥን ከቆጣሪዬ ጎን አሰሩ።

«አንድ ወር ይቆያል» አለኝ ዘሥላሴ። «በየቀኑ እየመጣሁ ማንበብ አለብኝ።»

በየቀኑ መጣ። አሥር ሰዓት ሲሆን ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ትከሻውን ሰብስቦ ከበሩ ይገባል። የሞቃታማዋ ምንጃር፣ የአረርቲ ልጅ ነው፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ሊለምደው አልቻለም። ቁጥሩን ይጽፋል፤ ከጻፈ በኋላም አይሄድም። ስለ ምንጃር የሽምብራ እሸት ያወራኛል፤ እኔ ስለ አንኮበር፣ አባቴ ስላደጉበት ደብር አወራዋለሁ። ወሬው ሲያልቅብን ደግሞ እኔ እጠልፋለሁ፣ እሱ እጄን ያያል።

በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ጥልፌ ላይ እንዳቀረቀርኩ «ያንን ወርቃማ ክር አቀብለኝ» አልኩት። «አንተ» ማለቴን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«እንቺ» አለና ክሩን መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

አንድ ቀን እሱ ስብሰባ ገብቶ ቃለ አብ በሱቄ ደጅ ሲያልፍ አየሁት።

«ዛሬስ ማን ሊያነበው ነው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሣጥኑን ነዋ!»

ቃለ አብ ሳቀ። «ሣጥኑ እኮ ራሱ ይመዘግባል። የሚነበበው በወሩ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

ይህን ማወቄን ለዘሥላሴ አልነገርኩትም። በማግስቱ መጥቶ ቁጥሩን በጥንቃቄ ሲገለብጥ ዝም ብዬ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝን ቀን ብቆጥር ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም።

ሣጥኑ ከተነሣ በኋላም መምጣቱን አልተወም። ሰኔ ላይ ሽማግሌ ስለ መላክ አነሣ።

የብድሩ ነገር የተበላሸው ያኔ ነው። ውሉ ተፈርሞ ገንዘቡ እስኪለቀቅ የሽቦውም የትራንስፎርመሩም ዋጋ ናረ፤ ለአምስት መስመር የታሰበው ለሦስት ብቻ የሚበቃ ሆነ። የትኞቹ ይቅደሙ የሚለውን ጥናት የሚሠራው ዘሥላሴ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወፍጮ ያላቸው ጎረቤቴ እትዬ ይመኙሻል «ልጄ፣ አንዲት ቃል ጣል አድርጊለት» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ምንም አላልኩትም። መናገር የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም።

ሐምሌ ላይ፣ ውጤቱ ለሕዝብ ሊነገር አንድ ቀን ሲቀረው፣ በዝናብ መጣ። ከበሩ ቆመ እንጂ አልገባም።

«የእናንተ መስመር አራተኛ ወጥቷል» አለኝ።

«ሦስተኛው የማን ነው?»

«ተፈናቃዮቹ የሰፈሩበት። የውሃ ፓምፑም ጤና ጣቢያውም እዚያ መስመር ላይ ናቸው።»

«በብዙ በለጡን?»

«በጥቂት ነጥብ።»

«ያቺን ጥቂት መጨመር አትችልም ነበር?»

ዝናቡ በጃኬቱ ላይ ይወርዳል። ደንቡ አይፈቅድም ሊለኝ ይችል ነበር፤ ባመንኩት ነበር። እሱ ግን ዓይኔን እያየ «እችል ነበር» አለ።

«ለእኔ ጥቂት ነጥብ የከበደህ ሰው ሽማግሌ ምን ብለህ ትልካለህ? ሂድ!» አልኩት።

ሄደ። በሳምንቱ፣ ጦርነቱ የጣላቸውን ምሰሶዎች ለማቆም ወደ ደብረ ሲና መዛወሩን ከቃለ አብ ሰማሁ። ጠይቆ ነው አሉ የተዛወረው።

ክረምቱ ረዘመብኝ። ልክ መሆኑን አላጣሁትም፤ ያናደደኝም ልክነቱ ነበር። ስልኬ በጮኸ ቁጥር መርፌዬን ጥዬ እነሳለሁ። እሱ አይደለም። እኔም አልደወልኩም። አሥር ሰዓት ሲሆን በሩን ማየት ግን አልተውኩም።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አባቴ «ያ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው የቀረው?» ብለው ጠየቁኝ። ይፈርዱልኛል ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እችል ነበር አለሽ?»

«አዎ አባባ። በራሱ አፍ።»

«ላንቺም ብሎ አላደረገውም?»

«አላደረገውም።»

ፈገግ ብለው ተነሱ። በማግስቱ ማለዳ ጥምጥማቸውን አሳምረው «ደብረ ሲና የማደርሰው ልብስ አለ፤ ጥቅሉን ያዢልኝ» አሉኝ። በሚኒባስ የጣርማ በርን ተራራ በጉም ውስጥ አልፈን ወረድን።

ደብረ ሲና ስንደርስ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። ዳር ዳር በቆሙት የጭነት መኪናዎች መካከል እያለፉ «የመብራት ሠራተኞች ወዴት ናቸው?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ያን ጊዜ ገባኝ። እጅጌያቸውን ያዝኩ።

«አባባ፣ ነውር ነው! ሴት ልጁን ይዞ ወንድ ቤት የሚሄድ አባት የት አለ?»

«ከዛሬ ጀምሮ አለ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ዘሥላሴ ምሰሶ ከሚተክሉ ሰዎች መካከል ቆሞ ነበር። ሲያየን የደኅንነት ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው፣ እንደገና አወለቀና ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ።

«ሽማግሌ የምትልከው ዘመድ አጥተህ ነው?» አሉት አባቴ።

«ሂድ ተብዬ ነው፣ አባ።»

«ማን አለህ?»

ዞሮ አየኝ። ከስቷል። ፊቱን ፀሐይ አጥቁሮታል። ልናገር ያሰብኩት ብዙ ነበር፤ በክረምቱ ሁሉ ስደረድረው የከረምኩት። ያን ሁሉ ተውኩት።

«ለዚያን ዕለት ብቻ ነው ሂድ ያልኩህ» አልኩት። «ለሁልጊዜ መሰለህ?»

ሊመልስልኝ ሲል እንባው ቀደመው።

«ጾመ ነቢያት ሳይገባ ሽማግሌ እጠብቃለሁ» አሉ አባቴ። «አሁን ምሳ አብላን።»

ጥር ላይ ተጋባን። ሁለተኛው ብድር ተገኝቶ የእኛ መስመር የታደሰው ዘንድሮ ነው። አባቴ ይህን ሳያዩ ካረፉ ዓመት ሆኗቸዋል። አዲሱ ሽቦ በሱቄ ደጅ ሲዘረጋ ሰፈሩ እልል አለ፤ እኔ ግን ልቤ ከደብረ ሲና የተመለስንበት ቀን ላይ ነበር።

ዘሥላሴ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ላድርሳችሁ ብሎን አባቴ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ እኛ ከኋላ። አቀበቱን ጨርሰን የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ፣ በጨለማው መካከል እጁ እጄን አገኘ። ከዋሻው ስንወጣ ብርሃን ሆነ፤ ሁለታችንም አልለቀቅንም። አባቴ ያን ዓመት በግ ስንት እንደሚሸጥ ለሾፌሩ ጮክ ብለው እያወሩ ነበር፤ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አንገታቸውን አንዴም ወደ ኋላ አላዞሩም።