የሙሴ ርኔ ባዶ ሣጥኖች

«መጣልሽ፣ የኔ ልጅ» አሉ የሕንጻው ጠባቂ ማዳም ቴሼራ፣ ፖስታውን በመስኮታቸው እያቀበሉ።

ኖኤሚ እዚያው ቆማ ቀደደችው። ተቀብለዋታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመኘው የኖረችው የሥዕል ትምህርት ቤት ቅዳሜ መጥታ እንድትመዘገብ ይጠይቃል። በደስታ መዝለል ነበረባት፤ እሷ ግን ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ ደግማ አነበበችው።

ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ፓሪስ የሚኖሩትን ብቻ ነው። ኖኤሚና እናቷ የሚኖሩት ደግሞ ከቀለበት መንገዱ ማዶ፣ ሌ ሊላ የምትባል ከተማ ነው። በእግር ዐሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ቢሆንም ፓሪስ አይደለም። ስለዚህ እናቷ ማመልከቻው ላይ «ከአያቷ ጋር ትኖራለች» ብላ የዚህን ሕንጻ፣ የአያቷን የሙሴ ርኔን አድራሻ ጻፈች። ሙሴ ርኔም እየሳቁ ፈረሙ። ከዚያ ብሬስት ከተማ ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው በዚያው ዐረፉ፤ በዚያው ተቀበሩ። ሦስት ሳምንት ሆናቸው።

«እስክትመዘገቢ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» አለቻት እናቷ ከቀብር ሲመለሱ፣ ባቡር ውስጥ። ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር። «በተለይ ለማዳም ቴሼራ። እሳቸው ካወቁ ሕንጻው ሁሉ አወቀ ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ ቢሮ ከሰማ ቦታሽን ይሰርዙታል። አባባም እንድትገቢ ነበር የሚፈልጉት።»

ከዚያ ወዲህ ኖኤሚ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየመጣች የአያቷን ፖስታ ሣጥን ታያለች። ማዳም ቴሼራም በየቀኑ ከጋዜጣ የተቀደደ ገጽ ይሰጧታል። የቃላት ጨዋታ ነው፤ ከሙሴ ርኔ ጋር ማታ ማታ እየተጨቃጨቁ ባዶ ሣጥኖቹን በፊደል ሲሞሉ ዓመታት አልፈዋል።

«የዛሬውም ይኸው» አሉ። «የቻልኩትን ሞልቻለሁ፤ የከበደኝን ለሳቸው ትቻለሁ። ብሬስት ላኪላቸው።»

«እሺ» አለች ኖኤሚ እንደ ወትሮው። ገጹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ስልካቸውም አይሠራም። የአክስትሽን ቁጥር ስጪኝ፤ ድምፃቸውን ልስማ።» ማዳም ቴሼራ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሄዱ ዕለት ‹በጨዋታው ያጭበረብራሉ› ብያቸው ነበር። ለቀልድ ነው እንጂ… ተቀይመውኝ ይሆን እንዴ?»

ያልተቀየሙ ሰው እንደ ተቀየሙ መታሰባቸው ኖኤሚን አንገበገባት። ደብዳቤውን አየችው፤ ገና አልተመዘገበችም። በደንብ አጥፋ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ማዳም ቴሼራ፣ በሩን ይክፈቱልኝ።»

ገብታ ቦርሳዋን ፈታች። ያጠራቀመቻቸውን ገጾች አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ልትጥላቸው አልቻለችም ነበር። ከባዶቹ ሣጥኖች አንዱም አልተሞላም። ማዳም ቴሼራ ገጾቹን አዩ፤ እሷን አዩ።

«አባባ አልተቀየሙዎትም» አለች ኖኤሚ። «ሞተዋል።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከላይ ያለውን ገጽ አንስተው በእጃቸው ዳበሱት።

«ታዲያ የከበደኝን ማን ይሞላልኛል?» አሉና አለቀሱ።

ኖኤሚ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ደብዳቤው መስኮቱ ላይ እንዳለ ቀረ።