ከአስከሬኑ ሥር ያለው ምስር

«የመጋዘኑን ኃላፊ ጋሽ ወልደሚካኤልን የምስር ክምር ተደርምሶ ገደላቸው፤ ክምሩን የደረደረችው ያንቺ ልጅ ናት አሉ» ብላ ጎረቤቷ ስትነግራት፣ ሐጀራ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ባለችው ኪዮስኳ ለጠያቂዎች ሙዝና ሳሙና እየሸጠች ነበር።

ሐጀራ ክፉ ቀን እንደሚመጣ ሁልጊዜም ታውቅ ነበር፤ በየት በኩል እንደሚመጣ ነው ያላወቀችው። ኪዮስኩን ዘጋች። ቤት ገብታ ብርድ ልብስ ጠቀለለች፤ ምሳ ዕቃ ውስጥ ሽሮ ጨመረች። በዚያ የእስር ቤት በር ስንት እናት ባዶ እጇን መጥታ ስታለቅስ አይታለች። እሷ ባዶ እጇን አትሄድም።

አቃቂ ከሚገኘው የእህል መጋዘን ስትደርስ ልጇ ፈርዶሳ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ከቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ለአፓረንት፣ ለሥራ ላይ ልምምድ፣ ወጥታ እዚህ ከገባች ገና ወራት ነው። ቦታውን ያገኘላት ጎረቤታቸው ፍቅሩ፣ የመጋዘኑ ምክትል ኃላፊ ነበር። ፍቅሩ ወንደላጤ ነው። በጾም ቀን እራቱን እነሐጀራ ቤት ይበላል፤ ሽሮ ሃይማኖት አይለይም። «ፈርዶሳን እንደ ገዛ ልጄ ነው የማያት» ይላል፣ እጁን እየታጠበ።

«እትዬ ሐጀራ፣ አይዞሽ» አላት አሁንም፣ ክንዷን ይዞ። «ልጅነት ነው። አደጋ ነው ብዬ እመሰክርላታለሁ።»

ሐጀራ እጁን ልትስም ምንም አልቀራት።

ኢንስፔክተር በላይነሽ አጭር፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። አስከሬኑ በባዶ ጆንያ ተሸፍኖ፣ እግሩ ብቻ ወጥቶ ይታያል። ከላዩ የነበሩትን ጆንያዎች እሷ እያየች አንድ በአንድ አስነሥታለች። አሁን ሚዛኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብረቱን በጣቷ ትዳብሳለች።

«መጀመሪያ ያገኛቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዘበኛው ታጁ። «ጠዋት በሩ ገርበብ ብሎ ሳይ ገባሁ። እግራቸውን አየሁ። ጆንያ አልነካሁም፣ ወላሂ!»

«ማታስ ማን ገባ?»

«ጋሽ ወልደሚካኤል ብቻቸውን ቀርተው ነበር። ማግሪብ ልሰግድ ከበሩ ዞር ብያለሁ። ያኔ ማንም ቢገባ አላይም።»

«ማግሪብ ላይ ልጄ ቤት ነበረች!» አለች ሐጀራ።

«የእናት ምስክርነት ነው፣ እናቴ» አለች በላይነሽ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ፈርዶሳ ዞረች። «ያን ክምር አንቺ ነሽ የደረደርሽው?»

«አዎ» አለች ፈርዶሳ እንባዋን እየዋጠች። «ትናንት የገባ አዲስ ምስር ነው። ጋሽ ወልደሚካኤል እንዳስተማሩኝ አንዱን ረድፍ በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም ደረደርኩ። የተሰፋው የጆንያው አፍ ወደ ውስጥ። ስፌቱ ቢተረተር እንኳ እህሉ መተላለፊያው ላይ አይፈስም ይሉኝ ነበር።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚደረድረው?»

የጫኝና አውራጆች አለቃ ዱሬሳ ሳያስበው ፈገግ አለ። «የኔ ልጆች ከትከሻቸው መጣል እንጂ አፍና ቂጥ አይለዩም። ፍቅሩ ደግሞ የማዳበሪያ መጋዘን ልማዱን አልተወም። እዚያ ምልክቱ አፉ ላይ ነው፤ ለቆጠራ ወደ ውጭ ይዞራል። ጋሽ ወልደሚካኤል ‹ክምርህ አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ ሰው ይመስላል› እያሉ ያበሽቁት ነበር።»

«ዱሬሳ ሲቀልድ ነው» አለ ፍቅሩ። «እኔማ አሁን ትቼዋለሁ። ይልቅ ትናንት ልጅቷ አግድሙን ረስታ አንዱን ባንዱ ላይ ስትቆልል አይቻለሁ። ነገርኳት። አልሰማችም።»

ፈርዶሳ ቀና አለች። «ጋሼ ፍቅሩ! መቼ ነገርከኝ?»

ሐጀራ አንዴ ልጇን፣ አንዴ ፍቅሩን አየች። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፤ ሁለቱም ከእሷ ገበታ በልተዋል።

በላይነሽ ክርክሩን ያልሰማች መሰለች። «አስከሬኑን የሚያነሡት ሰዎች መጥተዋል። ከአስከሬኑ ላይ የተነሡት ጆንያዎች መንገድ ዘግተዋል፤ ግድግዳው ሥር ደርድሩልኝ። ሁላችሁም፣ እየተጋገዛችሁ፣ ቶሎ!»

ጆንያዎቹ ሃያ አምስት ኪሎ የሚይዙ ናቸው። ዱሬሳና ታጁ እንዳመጣላቸው ወረወሯቸው። ፈርዶሳ እያለቀሰች አስቀመጠች። ፍቅሩ ላቡን እየጠረገ አስቀመጠ።

«በቃ» አለች በላይነሽ። «አሁን ቁሙና ስሙኝ። ክምር በሰው ላይ ሲወድቅ ሰውየው ከሥር፣ የፈሰሰው እህል ከላይ ይሆናል። የጋሽ ወልደሚካኤል ጀርባ ግን ምስር ላይ ነው የተኛው። ኮታቸው ላይ ፍሬው ታትሟል። ስለዚህ መጀመሪያ ክምሩ ተናደ፤ እሳቸው በኋላ ተጋደሙ፤ ከዚያ ሰው ጆንያ ጫነባቸው።»

ታጁ አፉን በእጁ ያዘ።

«የሞቱት ማጅራታቸውን ተመትተው ነው። በዚህ ሁሉ አቧራ መካከል የታጠበው አንድ ነገር የሚዛኑ ጠርዝ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ጭብጣቸው ውስጥ ነበር። የነቀዘ ምስር። ትናንት እንደ አዲስ የገባው ጭነት ውስጥ የነቀዘ ተቀላቅሏል። ጋሽ ወልደሚካኤል ደርሰውበታል።»

«ማን ቀላቀለው?» አለ ዱሬሳ።

«ጆንያዎቹን የጫነባቸው ሰው። ጆንያዎቹ በራሳቸው ወድቀው ቢሆን አፋቸው ወዲህም ወዲያም ይዞር ነበር። እያንዳንዳቸው ግን በአንድ ወገን የዞሩ ነበሩ። ጫኝና አውራጅ እንዲህ አይደረድርም፤ ዘበኛም አይደረድርም። መጋዘን የሠለጠነ እጅ ነው።»

በዚህ ቤት የሠለጠነ እጅ ያላቸው፣ ከሟቹ ሌላ፣ ፍቅሩና ፈርዶሳ ብቻ ናቸው። ሐጀራ ብርድ ልብሱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«አስከሬኑ ላይ የነበሩት ጆንያዎች» አለች በላይነሽ፣ «አፋቸው በሙሉ ወደ መተላለፊያው፣ ወደ ውጭ ነበር። እስቲ ግድግዳውን እዩ።»

ሁሉም ዞረው አዩ። ፈርዶሳ ያስቀመጠቻቸው፣ በእንባ ውስጥም ሆና፣ አፋቸው ወደ ግድግዳው ነው። የፍቅሩ ጆንያዎች አፋቸው ወደ ሰዉ ዞሯል፤ የተሰፉበት ነጭ ክር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ፍቅሩ የገዛ እጁን እንደ ባዕድ ነገር አየው።

«አዲሱን ምስር የተረከብከው አንተ ነህ። ደህናውን አውጥተህ ሸጥክ፤ የነቀዘውን ተካህ» አለች በላይነሽ።

«ልግደለው ብዬ አይደለም...» አለ ፍቅሩ። «ለባለቤቱ እናገራለሁ አለኝ። ገፋሁት። ሚዛኑ ላይ ወደቀ። እሷ ልጅ ናት፣ ተለማማጅ ናት፤ አደጋ ነው ብለው ይለቋታል ብዬ...»

«ባይለቋትስ?» አለች ሐጀራ።

ፍቅሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እኔ የት እንደምውል ታውቃለህ። የማን እናት በዚያ በር እንደቆመች፣ ምን ይዛ እንደመጣች እራት ላይ ስነግርህ ትሰማ ነበር። ከነሱ አንዷ ልታደርገኝ ነበር። እየጎረስክ!»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ዓይኑ ብርድ ልብሱ ላይ ዐረፈ። «እትዬ ሐጀራ፣ ለብርዱ...» አለ።

ሐጀራ በአጠገቡ አለፈች። ብርድ ልብሱን ዘርግታ ጋሽ ወልደሚካኤልን አለበሰች። እግራቸው ስለተረፈ፣ ጎንበስ ብላ ጫፉን እስከ ጫማቸው ሳበችው።